ፖሊስንና የሕዝብን ገንዘብ ምክር ቤቱ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ?



ሰኔ የበጀት መዝጊያ ወር ነው። በዚህ ወርና በሐምሌ መግቢያ በየከተማውና በየወረዳው የምክር ቤት ጉባኤ ይጠራል። ከንቲባው የዓመቱን ሪፖርት ያነባል፣ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የመጪውን ዓመት በጀት ያቀርባል፣ አባላቱም እጃቸውን አውጥተው ያጸድቃሉ። ጥያቄ ጨርሶ አይጠፋም፤ የመንገድ ጠጠር፣ የውሃ መቆራረጥ፣ የመብራት ነገር ይነሳል። ተራው የፖሊስ ሲሆን ግን ከወንበሩ የሚሰማው ባብዛኛው ምስጋና ነው። የጸጥታ ኃይሉ ቀን ከሌት ሠርቶ ከተማዋን ሰላም አድርጓል ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይታለፋል። ዘንድሮ ስንት ሰው ታሰረ? ከእነሱ ስንቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ? ክስ ሳይመሠረትበት የተለቀቀው ስንት ነው? ለፖሊስ መኪና ነዳጅ የወጣው ብር ስንት ነው፣ ከየትኛው ሒሳብስ ወጣ? እነዚህ ጥያቄዎች ጭብጨባው ውስጥ ይቀራሉ።

የምንጽፈው ከዲምቱ ነው፤ በወላይታ ዞን፣ ከሶዶ ወደ ብላቴና ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከተማ። እዚህ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። ነጋዴ አለን፣ ሹፌር አለን፣ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ አለን፤ ልጆቻችንን የምንልከው ከጎረቤቶቻችን ልጆች ጋር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ስለ ፖሊስና ስለ በጀት ብዕር ስናነሳ «ይህ ደግሞ ምኑ የሙስሊም ጉዳይ ነው?» የሚለን አይጠፋም። ግብር ስንከፍል ሃይማኖታችንን የጠየቀን የለም፤ የፖሊስ ጣቢያውም በር ለሁሉም አንድ ነው። ደግሞም ሕዝበ ሙስሊሙ ከመነሻው ድምፁን ያሰማው መንግሥት ራሱ ላወጣው ሕግ ይገዛ ብሎ ነው። የከተማ ፖሊስና የከተማ ገንዘብ ከዚያ ሕግ ውጭ አይደሉም።

ሕጉ ላይ እንቁም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ሆነ ተመራጭ ተጠያቂ ነው ይላል፤ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይጠይቃል። በፌዴራል ደረጃ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው ይላል። ከዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7ን ብዙ ሰው አያነሳውም፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ፖሊስና የጸጥታ ኃይል በሥራው ላይ የዜጎችን ሰብዓዊ መብት የሚነካ ድርጊት ሲፈጽም ምክር ቤቱ እንዲያጣራና አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። የተጻፈው እንደ ግዴታ ነው። በከተማ ደረጃም ከንቲባው ተጠሪነቱ ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ በጀቱም ያለ ምክር ቤቱ ድምፅ አይጸድቅም።

ታዲያ ወረቀቱ ይህን ካለ ጥያቄው የት ይጠፋል? አንዱ መጥፊያው የፖሊስ የሁለት ጌታ አቀማመጥ ነው። ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙና እንዲመሩ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ የከተማው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ወደ ላይ ከዞኑ ፖሊስ፣ ከዚያም ከክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን ጋር የትእዛዝ ሰንሰለት አለው። ወደ ጎን ደግሞ ከከተማው አስተዳደር ጋር በየቀኑ ይሠራል። የምክር ቤት አባል ደፍሮ ቢጠይቅ «ትእዛዙ ከላይ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ጉዳዩ ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ «የአካባቢው አስተዳደር በጠየቀው መሠረት ነው» ይባላል። ተበዳዩ በዞንና በከተማ መካከል ሲመላለስ ጫማው ያልቃል።

መፍትሔው በገንዘቡ በኩል መግባት ነው እንላለን። ትእዛዙ ከላይ ቢመጣም ወጪው የሚያርፈው ታች ነው። ደመወዙ፣ የውሎ አበሉ፣ ነዳጁ፣ የጣቢያው እድሳት፣ የታሳሪው ምግብ፣ ሁሉም በአንድ እርከን በጀት ውስጥ መስመር አለው። ያንን መስመር ያጸደቀ ምክር ቤት ገንዘቡ ምን እንደሠራበት የመጠየቅ መብት አለው። «ትእዛዙ ከላይ ነው» ላለው አዛዥ «ትእዛዙን አልጠየቅንህም፤ ያጸደቅንልህን ገንዘብ ምን እንዳደረግክበት ንገረን» ቢባል ወደ ላይ የሚሸሽበት መንገድ ይጠበዋል። የነዳጁን ሒሳብ ሲያስረዳ መኪናው የት እንደሄደ ይናገራል፤ መኪናው የት እንደሄደ ሲናገር ማንን ጭኖ እንደመጣ መናገር ይጀምራል።

ጠያቂ የሌለው ምክር ቤት ምን እንደሚመስል ሕዝበ ሙስሊሙ በራሱ ላይ አይቶታል። በ2004 የአወሊያው ጥያቄ ሲነሳ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከነበሩት 547 መቀመጫዎች የተቃዋሚ ፓርቲ አባል የያዘው አንዱን ብቻ ነበር፤ እሱም አቶ ግርማ ሰይፉ ናቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ስለ ሙስሊሙ እንቅስቃሴ ከአክራሪነት ጋር አያይዘው ተናገሩ። በሐምሌ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ታሰሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2007፣ በጸረ ሽብር ሕጉ ከ7 እስከ 22 ዓመት የሚደርስ እስራት ተፈረደባቸው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በየመስጊዱ ዙሪያ ፖሊስ የወሰደውን እርምጃ ምክር ቤቱ በአንቀጽ 55 መሠረት ለማጣራት ሲነሳ አላየንም። በ2007ቱ ምርጫ ደግሞ ያቺ አንዷ የተቃዋሚ ወንበርም ጠፋች፤ 547ቱም በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ። ኡስታዝ አሕመዲን ጀበልና ሌሎቹ በ2010 ከእስር ሲወጡ በሩን የከፈተው የፖለቲካው ነፋስ መቀየር እንጂ የተወካዮች ጥያቄ አልነበረም።

ያ ፓርላማው ነው። ወደ ታች ስንወርድ ነገሩ ይብሳል፤ ታች ያለው ምክር ቤት ዘመኑን ከጨረሰ ቆይቷልና።

በአገራችን የከተማ፣ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነበር። 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሜዳው አልተስተካከለም ብለው ራሳቸውን ያገለሉበት ምርጫ ነው። የምክር ቤቶቹ ዘመን አምስት ዓመት ስለነበር በ2010 ሌላ ምርጫ መደረግ ነበረበት፤ ፓርላማው አራዘመው። ከዚያም እንደገና ተላለፈ። በሰኔ 2013 አገር አቀፍ ምርጫ ሲደረግም ድምፅ የሰጠነው ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤቶች ነው፤ ከከተሞች ነዋሪያቸው የራሱን ምክር ቤት የመረጠው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ብቻ ናቸው። በ2005 ተመርጦ የነበረ አባል ሞቶ፣ ተዛውሮ ወይም ሥራ ለቆ ከሆነ ቦታውን ማን ሞላው? የድምፅ ኮሮጆ ካልሞላው የሞላው የድርጅት ስብሰባ ነው። በድርጅት ስብሰባ የገባ ሰው ደግሞ በዚያው ድርጅት የተሾመውን ከንቲባና የጸጥታ ኃላፊ ጉባኤ ላይ አፋጦ ይጠይቃል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። ለጠየቀበት ወንበሩን ያጣል፤ መራጭ ስለሌለው የሚከራከርለት የለም።

ነገራችንን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር እናስታውስ። የመጅሊሱ ምርጫ በየቀበሌው አዳራሽ የተካሄደው በመስከረም 2005 ነበር። ያኔ ሕዝበ ሙስሊሙ «ምርጫችን በመስጊዳችን» ያለው ቀበሌው የመንግሥት ቤት ስለሆነ፣ መራጩንና ተመራጩን የሚመዘግበው የመንግሥት ሰው ስለሆነ ነው። ሰባት ወር እንኳ ሳይሞላ በዚያው ቀበሌ የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ ተደረገ። እኛን ያስጮኸን ነገር ጎረቤታችንን ክርስቲያኑንም ይመለከት ነበር፤ እሱ ግን በጊዜው አልታየውም፣ እኛም በደንብ አላስረዳነውም።

ወደ ወላይታ እንመለስ። የዞኑ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ወላይታ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ወሰነ። ምክር ቤት የወሰነውን ውሳኔ ለማስፈጸም የቆሙት የዞኑ አመራሮች፣ አስተዳዳሪው አቶ ዳጋቶ ኩምቤ ጭምር፣ ነሐሴ 3 ቀን 2012 ሶዶ ውስጥ ስብሰባ ላይ እያሉ ታሰሩ። እስሩን ተከትሎ በተነሳው ተቃውሞ በሶዶና በቦዲቲ ሰዎች በጥይት ተገደሉ። የክልል ጥያቄውን የሚደግፍም የማይደግፍም ሊኖር ይችላል፤ በእኛም መሃል ሁለቱም አሉ። ጥይት የተኮሰው ኃይል ግን ደመወዙ ከሕዝብ ገንዘብ የተከፈለ ነው። ማን አዘዘ፣ ማን ተኮሰ፣ የሟች ቤተሰብ ምን ተባለ የሚለው ጥያቄ በሚያዳምጥ ምክር ቤት ፊት ተነስቶ፣ መልሱ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ልጆቻችን ሊያነቡት ይገባ ነበር።

ከዚያ ሕዝበ ውሳኔው መጣ። ጥር 29 ቀን 2015 ድምፅ ተሰጠ፤ የወላይታውን ምርጫ ቦርዱ ራሱ በታዩት ጥሰቶች ምክንያት ሰርዞ ሰኔ 12 ቀን 2015 አስደገመው። የሁለቱም ጊዜ ወጪ የሕዝብ ነው። ነሐሴ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ ወላይታ ሶዶም የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። ሶዶ የክልል ከተማ በሆነችበት ማግስት፣ በ2016፣ በዞናችን መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዛቸው በወቅቱ አልከፈል አለ። መምህር ደመወዝ አጥቶ ክፍል ሲገባ፣ ነርስ በዱቤ ስትበላ አይተናል። ሱቅ ያለን ሰዎች የዱቤ ደብተራችን ያስታውሰዋል፤ ያን ዘመን በዞኑ በጀት ሰነድ ከማንበብ በኛ ደብተር ማንበብ ይቀላል።

ለደመወዙ መጓተት ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነበር። ማዳበሪያ ለገበሬው በብድር ይታደላል፤ ለብድሩ ዋስ የሚሆነው የመንግሥት በጀት ነው፤ ያልተመለሰው ዕዳ ደግሞ ከወረዳና ከዞን በጀት ላይ ይቆረጣል። የተቆረጠው ገንዘብ የመምህሩ ደመወዝ የነበረ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ የምክር ቤት አባል መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ቀላል ነው። በጀታችን ዋስ እንዲሆን ማን ፈረመ? ጉዳዩ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ነበር ወይ? ገበሬው ከፍሎ መሃል ላይ የቀረ ገንዘብ አለ ወይ? ካለ የማን ኪስ ገባ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ቀልድ መስሎ ይነገራል። ተረቱን እውነት የሚያደርገው ሹሙ ከመሻሩ በፊት ሒሳብ የሚጠይቀው መጥፋቱ ነው።

በፌዴራል ደረጃ ቢያንስ የሥራው ቅርጽ ምን እንደሚመስል አይተናል። ዋናው ኦዲተር በአንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለፓርላማው ሪፖርት ያቀርባል፤ አቶ ገመቹ ዱቢሶ በነበሩበት ዘመን ሪፖርቱ በየዓመቱ ጋዜጣ የሚያሟሙቅ ጉዳይ ነበር። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ሰነድ የሌለው ወጪ፣ ደንብ ያልተከተለ ግዥ እየተባለ መሥሪያ ቤቱ በስሙ ይጠራል። ከዚያም የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ኃላፊዎቹን አስቀምጦ ይጠይቃል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩት የተቃዋሚ ፓርቲው አቶ ክርስቲያን ታደለ በነሐሴ 2015 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታሰሩ። መንግሥት እስሩን ያያያዘው ከአማራ ክልሉ ግጭት ጋር እንጂ ከኮሚቴው ሥራ ጋር አይደለም፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው። ነገር ግን ያለመከሰስ መብት ያለው፣ ስሙን አገር የሚያውቀው ጠያቂ ከታሰረ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ምክር ቤት ጥግ ላይ የተቀመጠ አባል ከዚህ ምን ይማራል? እጁን ከማውጣቱ በፊት ልጆቹን ያስባል።

የአደባባይ ሰሌዳዎቹንም እናስታውስ። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቁመው በምትኩ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ የሚባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። በዚያ ፕሮግራም ወረዳዎች በጀታቸውን ተራ ሰው በሚገባው ቅርጽ በሰሌዳ እንዲለጥፉ ተደረገ። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለግብርና፣ ለውሃ፣ ለመንገድ። ጥሩ ጅምር ነበር። ፖሊስ ግን ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ አልነበረም። በመንግሥት የበጀት አመዳደብ ፍትሕና ጸጥታ «አስተዳደርና ጠቅላላ» በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው የሚገባው፤ ያ ክፍል ሰፊ ጆንያ ነው፣ የምክር ቤቱም የአስተዳዳሪውም ጽሕፈት ቤት ወጪ እዚያው ይከተታል። የአስፋልት ወጪ ለማወቅ ሰሌዳ ያነበበ ነዋሪ የካቴናውን ወጪ የሚያነብበት ቦታ አልነበረውም።

ሰሌዳ ላይ ቀርቶ በጀት ውስጥም የማይገባ ገንዘብ አለ። በብዙ የአገራችን ከተሞች ለጸጥታ፣ ለሚሊሻ፣ ለሰላም አስከባሪ እየተባለ ከነዋሪውና ከነጋዴው መዋጮ ይሰበሰባል። አንዳንዱ በደረሰኝ ነው፣ አንዳንዱ በስም ዝርዝር ላይ በማስፈረም፣ አንዳንዱ በእጅ። ፈቃድ ለማደስ የመጣ ነጋዴ መጀመሪያ መዋጮውን ክፈል የሚባልበት ቦታ እንዳለ የማያውቅ ነጋዴ የለም። በሕጋዊ ደረሰኝ ካልገባ ገንዘቡ በመንግሥት ሒሳብ ውስጥ የለም፤ በሒሳብ ውስጥ ከሌለ ኦዲተር አያገኘውም፤ ኦዲተር ካላገኘው ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው በጀት ከፖሊሱ እውነተኛ ወጪ ያነሰ ነው። የታጠቀ ሰው ከመደበኛው በጀት ውጭ መተዳደር ሲጀምር ደግሞ የሚታዘዘው ለሚሰበስብለት ሰው ነው። ይህን የምንለው ገንዘብ መክፈል ሰስተን አይደለም፤ ሌሊት የሚጠብቀን ዘበኛና ፖሊስ እንዲኖር የማንም ፍላጎት ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ይሠራል ብሎ ማየት አይከፋም። በ2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ የከተማዋ ምክር ቤት በታኅሣሥ ወር በጀት ሲያጸድቅ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ከፖሊስ አንስቶ ወደ ሌሎች አገልግሎቶች አዛወረ። ነዋሪው በስልክ እየገባ ለሰዓታት ሐሳቡን ሰጥቷል፤ ግማሹ ይቀነስ፣ ግማሹ አይቀነስ ብሎ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የእነሱ ጉዳይ ነው። እኛን የገረመን የፖሊሱ በጀት በብር ተቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡና መራጭ ያለው አባል ስለ እሱ መናገሩ ነው።

ለሙስሊሙ ደግሞ ነገሩ ከውጭ የመጣ አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ለሁሉም እኩል ከታደለው ጨርቅ የእሳቸው ልብስ በዝቶ ቢታይ አንድ ሰው ከሕዝቡ መሃል ተነስቶ ከየት እንዳመጡት እንደጠየቃቸው፣ ልጃቸው ዐብዱላህም የራሱን ድርሻ ለአባቱ እንደሰጠ ቆሞ እንዳስረዳ በየኹጥባው ሰምተናል። ከዚህ ያነሰ የሚነገረው ሙሐመድ ኢብን መስለማ የተባሉት ሰሐባ ጉዳይ ነው። ዑመር በሹሞቻቸው ላይ ክስ ሲመጣ እሳቸውን ወደ ግዛቱ ይልኩ ነበር፤ እሳቸውም ሹሙን በሕዝቡ ፊት እያዞሩ ያጣሩ እንደነበር ተዘግቧል። ሹሙ በሌለበት፣ በሹሙ ቢሮ፣ በሹሙ ሰዎች የሚደረግ ማጣራት አልነበረም ማለት ነው።

«ፖሊስን መጠየቅ ጸጥታን ማወክ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። አንድ ነገር እንዲያዩልን እንፈልጋለን። ተራው ፖሊስ ራሱ የዚህ ዝምታ ተጎጂ ነው። የሌሊት ተረኛው ኮንስታብል የኑሮ ውድነቱ እንደ መምህሩ ያንገላታዋል፤ ውሎ አበሉ ሲቀር የሚጠይቅለት ማኅበር የለውም። ሕግ ያልፈቀደለትን ሰው እሰር ሲባል እምቢ ቢል መደገፊያ ያስፈልገዋል። ምክር ቤቱ በየሦስት ወሩ የእስረኛውን መዝገብ የሚጠይቅ ቢሆን «ሰኞ ጉባኤ ላይ እንጠየቃለን» የምትለዋ ቃል ለዚያ ኮንስታብል ጋሻ ትሆነው ነበር። አዛዡም ከላይ በስልክ ለሚያዘው ሰው ያንኑ ለማለት ይችል ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ምርጫው ይካሄድልን የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄያችን ነው። የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ዘመናቸው አልፎ መቀመጣቸው ማብቃት አለበት፤ ይህን የመላው ነዋሪ ጥያቄ አድርገን በየመድረኩ ማንሳት አለብን። ምርጫው እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፈን አንቀመጥም። ያለው ምክር ቤት ደካማም ቢሆን በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው። በር አለው፣ አፈ ጉባኤ አለው፣ መዝገብ ቤት አለው።

ስለዚህ ለየከተማው ወንድሞችና እህቶች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሰኔው ጉባኤ ሦስትና አራት ሳምንት ቀድማችሁ ጥያቄ በጽሑፍ አዘጋጁ። ጥያቄው ስድብና ፉከራ የሌለበት፣ መልሱ በቁጥር የሚሰጥ ይሁን። በዓመቱ በጣቢያው የተያዙ ሰዎች ብዛት፣ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት የቀረቡት፣ ያለ ክስ የተለቀቁት። የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ የተመደበለትና ያወጣው ገንዘብ፣ ደመወዝ፣ አበልና ነዳጅ ተለይቶ። ለጸጥታ ስም ከሕዝብ የተሰበሰበ መዋጮ ካለ መጠኑ፣ የደረሰኙ ዓይነት፣ የገባበት የባንክ ሒሳብ። በማዳበሪያ ዕዳም ሆነ በሌላ ምክንያት ከበጀቱ የተቆረጠ ካለ ልኩና የፈቀደው አካል። በፖሊስ ላይ የቀረቡ አቤቱታዎች ብዛትና የደረሱበት። ከዚህ በላይ አታብዙት፤ ጥያቄ ሲበዛ መላሹ የቀለለውን መርጦ መልሶ ያልፋል።

ፊርማው የሙስሊሙ ብቻ አይሁን። በዲምቱም በሌላውም ከተማችን ብዙኃኑ ክርስቲያን ነው። የእድር ዳኛውን፣ የመምህራን ማኅበሩን ሰው፣ የነጋዴውን ተወካይ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ፓስተሩንና ቄሱን አነጋግሩ። ደመወዝ የቀረበት መምህር ወገኑ ማን እንደሆነ ጥያቄውን ሲያነብ ያውቀዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ መንግሥትን ከሃይማኖት ጋር የሚያጋጭ ምንም ነገር የለም፤ «አክራሪ» የሚለው ስም የመምህሩን ደመወዝ ጠያቂ ላይ ሲለጠፍ እንዴት እንደሚያስቅ ለማየትም ያህል ጥሩ ነው።

ደብዳቤው ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ይጻፍ፤ ግልባጩ ለከንቲባውና ለዞኑ ምክር ቤት ይሁን። በዚያው ላይ የመረጃ ነፃነት አዋጁን፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000ን፣ ጥቀሱ። አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። አብዛኛው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይህን አዋጅ አያውቀውም፤ ኮፒውን ይዛችሁ ሂዱ። የምታውቁት የምክር ቤት አባል ካለ ከጉባኤው በፊት ቤቱ ሄዳችሁ አንዷን ጥያቄ ብቻ እንዲያነሳ ለምኑት፤ አንዱ ካነሳ ሁለተኛው አይፈራም። ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ገብታችሁ ተቀመጡ፣ መልሱን ጻፉ። ክፍት አይደለም ካሉ በየትኛው ደንብ እንደተዘጋ በትሕትና ጠይቁና የተባላችሁትን ጻፉ።

ደብዳቤውን ለጸሐፊ በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ። መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም ይረፍበት፤ የገባበትን ቀንና ቁጥር በቀሪው ኮፒ ላይ አስጽፋችሁ ኮፒውን ከመስጊዱ ኮሚቴ ዘንድ፣ ሌላውን ደግሞ ከእድሩ ዘንድ አስቀምጡ። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።